14 ነው ወይስ 62? የአንድ ደቻቱ ዳር ጉድጓድ ጉዳይ

ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር፣ በመጋላ በኩል፣ አምስት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ አለ። መሐሉ ላይ በእጅ የተቆፈረ የቆየ ጉድጓድ አለ። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ፈረቃው ሲዘገይና ሮቶው ሲያልቅ ሁሉም ባልዲውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። ለልብስ፣ ለዕቃ፣ አንዳንዴም ለመጠጥ።

የዚህ ጉድጓድ ውሃ ባንድ ሰሞን ሦስት ፍርድ ተሰጠው። ከአንድ ላቦራቶሪ የመጣው ወረቀት «ናይትሬት 14፣ አሞኒያ የለም» ይላል፤ ሁለቱም ናይትሮጅን ያለባቸው፣ ከሽንት ቤት ወደ ውሃ ሊገቡ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። የግቢው ወጣት ገዝቶ ያመጣው ቀለም የሚቀይር መመርመሪያ ወረቀት ደግሞ ለናይትሬት ከ50 አልፎ ጠቆረ። ጎረቤት የሆነው የኬሚስትሪ መምህር የአሞኒያ መመርመሪያ የሆነውን የኔስለር ጠብታ ጨመረበትና ውሃው ቢጫ ሆኖ ደፈረሰ። «አሞኒያ አለበት» አለ።

ነገሩ ተራ ክርክር እንዳይሆን ያደረገችው አንዲት አራስ ናት። ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት የመጣች ልጅ ነች። ጡቷ አልበቃ ብሎ ሕፃኑ የዱቄት ወተት ጀምሯል። ዱቄቱ የሚበጠበጠው በውሃ ነው። በየትኛው ውሃ? አያትየዋ «አቦ፣ ይኼን ውሃ ስንጠጣ ነው ያረጀነው፤ ደግሞስ ይፈላል አይደል?» ይላሉ። ወጣቱ የመመርመሪያ ወረቀቱን ይዞ ይሟገታል። እኔ የውሃ ምርመራ ሥራዬ ስለሆነ ተጠራሁ። ትንሽ ፎቶሜትር (የውሃን ቀለም እያነበበ ቁጥር የሚሰጥ መሣሪያ)፣ መመርመሪያ ኬሚካሎች፣ በረዶ ያለበት ሳጥንና የተጣራ ውሃ ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት አሃዝ አልነበረም። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ነው። የጎረቤት ጉድጓድ ሽንት ቤት ከአጥሩ ማዶ፣ በደቡብ በኩል፣ ከውሃው ጉድጓድ 12 ሜትር ገደማ ይርቃል። ብዙ ጊዜ የሚመከረው ቢያንስ 30 ሜትር ነው። ደቡቡ ደግሞ የተራራው ወገን ነው። ድሬ ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ ነው የተቀመጠችው፤ ደቻቱም ከደቡብ ወርዶ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ ወደ ሰሜን ይሄዳል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ከመሬት በታች ግን ውሃው ቁልቁለቱን ተከትሎ መጓዙን አያቆምም። ዳርና ዳሩ አሸዋና ጠጠር ስለሆነ ከላይ የፈሰሰ ነገር ወደ ታች ለመውረድ ብዙ አይቸገርም።

ከመምህሩ ቢጫ ውሃ ጀመርኩ። የኔስለር ዘዴ ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ሜርኩሪ ያለበት ፈሳሽ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ቢጫ ቀለም ይሰጣል። በለስላሳ ውሃ፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዚየም ባነሱበት ውሃ ላይ ጥሩ ይሠራል። ችግሩ የድሬ ውሃ ለስላሳ አለመሆኑ ነው። የከተማው ሰው ይህንን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የካልሲየምና የማግኒዚየም ሥራ ነው። የኔስለር ፈሳሽ ደግሞ በጣም አልካላይን (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ እነዚሁ ማዕድናት ወዲያው ይረጉና ውሃውን ያደፈርሱታል። ዓይንም ሆነ መሣሪያ ድፍርሱን እንደ ቀለም ይቆጥረዋል። ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ሮሼል ጨው የሚባል ነገር ቀድሞ ሲጨመርበት ግን ያ ድፍርስ ይቀራል። መምህሩ ጨውየው አልነበረውም። እኔ ነበረኝ፤ አብረን ደገምነው። ውሃው ጥርት ብሎ ቀረ፤ ቢጫ የለም።

በዚያ አላቆምንም። ያንኑ ውሃ በሳሊሲሌት ዘዴ ለካነው። ይህኛው ሜርኩሪ አይፈልግም። አሞኒያው ከክሎሪን፣ ከዚያም ከሳሊሲሌት ጋር ሆኖ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይሰጣል፤ ቀለሙ በደመቀ መጠን አሞኒያው ይበዛል። ጎን ለጎን የተጣራ ውሃ ብቻ ያለበት ባዶ ናሙና አስኬድን። አሞኒያን ስንለካ ባዶ ናሙና የግድ ነው። አሞኒያ በአየር ውስጥ አለ፣ በላብ ውስጥ አለ፣ በሲጋራ ጭስ ውስጥ አለ፣ በመስታወት ማጽጃ ውስጥ አለ። የተጣራ ውሃም ክፍት ከቆየ ከአየር ላይ ይስበዋል። ግቢው ውስጥ አንዱ ሲጋራ ለኩሶ ሊያየን ሲጠጋ በትህትና ራቅ እንዲልልን ለመንነው። የጉድጓዱ ውሃ ከባዶው ናሙና ምንም አልተለየም። እንግዲህ በአሞኒያ ላይ የላቦራቶሪው ወረቀት ትክክል ነበር።

አያትየዋ ደስ አላቸው። «አላልኳችሁም? ንጹሕ ነው» አሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሽንት ቤት 12 ሜትር ላይ እያለ አሞኒያ ዜሮ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት «የት ሄደ?» ነው። ከሰው ሽንት የሚወጣው ናይትሮጅን መጀመሪያ በብዛት ዩሪያ ነው፤ ቶሎ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አየር በሚገባበት አሸዋ ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ ባክቴሪያዎች ይቀበሉታል። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌሎቹ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሙቀት ይወዳሉ፣ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ድሬ ሁለቱንም ትሰጣቸዋለች። ስለዚህ ናይትሮጅኑ አልጠፋም፤ መልኩን ነው የቀየረው። አዲሱ መልክ ደግሞ ሽታም፣ ጣዕምም፣ ቀለምም የለውም።

ፎስፌትም ለካን፤ እሱም ከሽንት ቤት የሚወጣ ነው። ከቁጥር የማይገባ ያህል ትንሽ ነበር። ይኼም ሰውን ሊያዘናጋ ይችላል። ፎስፌት ካልሲየም በበዛበት አፈር ውስጥ ይያዛል፤ ከአሸዋውና ከጠጠሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ናይትሬትን ግን አፈሩ አይዘውም፤ ከውሃው ጋር እኩል ይጓዛል። ከአንድ ሽንት ቤት ሦስቱም አብረው ይነሱና ጉድጓዱ ጋ የሚደርሰው አንዱ ብቻ ይሆናል።

ወደ ናይትሬቱ። የእኔ መሣሪያ ናይትሬቱን በካድሚየም ወደ ናይትራይት ይመልስና የሚወጣውን ቀለም ያነባል። ያነበበው 14.1 ነው። የላቦራቶሪው 14 ነበር። ወጣቱ ክው አለ፤ «ታዲያ የእኔ ወረቀት ዋሸኝ ማለት ነው?» አለ።

አልዋሸውም። መሣሪያው መስኮት ላይ ከቁጥሩ አጠገብ ትንሽ ጽሑፍ አለ። የሚለካው ናይትሬቱን ሙሉውን ሳይሆን በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ ነው። አንድ የናይትሬት ቅንጣት አንድ ናይትሮጅንና ሦስት ኦክስጅን አለው። ናይትሮጅኑ ብቻ ሲመዘን 14፣ ከኦክስጅኖቹ ጋር ሲመዘን 62 ነው። ስለዚህ «እንደ ናይትሮጅን» የተጻፈን ቁጥር ወደ «እንደ ናይትሬት» ለመቀየር በ4.43 ማባዛት ያስፈልጋል። 14.1 ሲባዛ 62.5 ይሆናል። የወጣቱ ወረቀት የሚያነበው ሁለተኛውን ነበር። ሁለቱም ስለ አንድ ውሃ አንድ ነገር ነው የተናገሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 50 ሚሊግራም፣ እንደ ናይትሬት ነው። የኢትዮጵያ ደረጃም ይኸው ነው። እንደ ናይትሮጅን ሲጻፍ 11.3 ነው። የላቦራቶሪው ወረቀት 14ን ጻፈ፣ አጠገቡ 50ን ጻፈ፣ «በገደቡ ውስጥ» ብሎ ዘጋ። ቁጥሩ በአንዱ መለኪያ፣ ገደቡ በሌላው። በጥንቃቄ የተለካ ውሃ ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ተበላሸ። ይኼ ያናድዳል፤ ምክንያቱም ከባዱ ሥራ በትክክል ተሠርቷል፣ የቀረው «እንደ ናይትሮጅን» የምትል አንዲት ሐረግ ናት። በአሞኒያና በናይትራይትም እንዲሁ ነው። እንደ ናይትሮጅን የተጻፈ አሞኒያ እንደ አሞኒየም ሲጻፍ በ1.29 ይባዛል፤ ናይትራይት ደግሞ በ3.28።

የምንነጋገረው ስለ ሕፃን ስለሆነ የራሴንም 14.1 ዝም ብዬ አላመንኩም። የታወቀ 10 የሆነ መለኪያ ፈሳሽ አስነበብኩ፤ 9.8 አለ። የጉድጓዱን ውሃ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅዬ አስነበብኩ፤ ግማሹ 7.05 መሆን ነበረበት፣ 7.0 አለ። ቀጥሎ የጉድጓዱን ውሃ ከመለኪያው ፈሳሽ ጋር እኩል ቀላቀልኩ፤ 12.05 ጠብቄ 11.9 አገኘሁ። ይህ የሚነግረን ውሃው ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ንባቡን እያጣመመው እንዳልሆነ ነው። የተጠቀምንበትን ፈሳሽ ሁሉ በተለየ ጠርሙስ ሰበሰብነው። ካድሚየምና ሜርኩሪ ያለበትን ነገር ግቢ ውስጥ መድፋት ጉዳዩን ከጀመርንበት ማባስ ነው።

ናይትሬቱ ከሽንት ቤቱ ነው ወይስ ከሌላ? ለዚህ ክሎራይድ ረዳን። ሰው ጨው ይበላል፣ ጨው ያስወጣል፤ ክሎራይድም እንደ ናይትሬት አፈር አይዘውም። የዚህ ጉድጓድ ክሎራይድ በሊትር 210 ሚሊግራም ነበር። በዚያው መንገድ ከፍ ብሎ፣ ሽንት ቤት በቅርብ የሌለበት ሌላ ጉድጓድ አለ። እዚያ ክሎራይዱ 60፣ ናይትሬቱ 4 ነው፤ እንደ ናይትሮጅን። ሁለቱ አብረው ከፍ ማለታቸው ወደ ሽንት ቤት ይጠቁማል። ሙሉ ማስረጃ አይደለም። ከአጥሩ ማዶ ያለውን እያየ ግን ሌላ ምንጭ ፍለጋ የሚሄድ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የሕፃኑ ነገር እንዲህ ነው። ከስድስት ወር በታች ባለ ሕፃን ሆድ ውስጥ ናይትሬት ወደ ናይትራይት ሊለወጥ ይችላል። ናይትራይቱ ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ሄሞግሎቢን ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ኦክስጅን አይሸከምም። የሕፃኑ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፣ ሰማያዊ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1945 በአሜሪካ አዮዋ ሐንተር ኮምሊ የተባለ ሐኪም ይህን ነገር የጉድጓድ ውሃ በዱቄት ወተት ከሚጠጡ ሕፃናት ጋር አያይዞ ጻፈ። ተቅማጥ ያለበት ሕፃን የበለጠ ይጎዳል። የ50 ገደብም የመጣው ከዚሁ ነው። የዚህኛው ግቢ ሕፃን እግዜር ይመስገን ምንም አልሆነም፤ ደህና ነበር።

ለአያትየዋ ማስረዳት የከበደኝ የማፍላቱ ነገር ነው። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ጥሩ ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ናይትሬት ግን አይተንም፣ አይሞትም። ውሃው በእንፋሎት ሲቀንስ ናይትሬቱ በቀረው ውስጥ ይበዛል። ብዙ የፈላ ውሃ ብዙ ናይትሬት አለው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለውን ነጭ ቅርፊት አሳየኋቸው፤ «ይኼ ከውሃው ጋር አልተነነም፣ ቀርቷል። ናይትሬቱም እንደዚሁ ይቀራል፤ ልዩነቱ አለመታየቱ ነው» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያ ልጃቸውን «የሕፃኑን ውሃ ከቧንቧ ቅጂ፣ ለብቻ ጀሪካን» አሏት። ጣጣው እዚያው አለቀ። የቧንቧውንም ለካነው፤ ከገደቡ በታች ነበር።

ጉዳዩ እዚህ ሊቆም ይችል ነበር። ክረምቱ ግን ሌላ ነገር አሳየን።

ከተራራው ዝናብ መጥቶ ደቻቱ ሞላ። ድሬዎች መቼም የማይረሱት የ1998ቱ ዓይነት ጎርፍ አልነበረም፤ በየዓመቱ የሚመጣው ዓይነት ነው። ግቢው ውስጥ ግን ውሃ ተኛ፣ የጎረቤት ሽንት ቤትም ሞልቶ ገነፈለ። በማግስቱ ሄጄ ለካሁ። አሞኒያ 0.9፣ ናይትራይት 0.2፣ ናይትሬት 9.6፤ ሁሉም እንደ ናይትሮጅን።

ናይትሬቱን ብቻ ያየ ሰው እሰይ ይላል። 9.6 ሲባዛ 42.5 ነው፣ ከ50 በታች ገባ። ጉድጓዱ ከሁሉም ቀን በላይ የተበከለው ግን በዚያ ቀን ነበር። የዝናቡ ውሃ የቆየውን ናይትሬት አቀጠነው። አሞኒያው ደግሞ የሚለው ሌላ ነው፦ ትኩስ ፍሳሽ ገብቷል፣ አሸዋው ውስጥ ቆይቶ ለመለወጥ ጊዜ አላገኘም። ከትኩስ ፍሳሽ ጋር ትኩስ ተሕዋስያን ይመጣሉ። የዚያን ቀን ለሕፃን ብቻ ሳይሆን ለማንም የሚያሰጋው እሱ ነው። ደግሞ ናይትሬትና ናይትራይት አብረው ሲገኙ የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዱን ለገደቡ አካፍለን እንድንደምርና ድምሩ ከ1 እንዳያልፍ ይመክራል። 42.5 ለ50 ሲካፈል 0.85 ነው። ናይትራይቱ 0.66 ይሆናል፣ ገደቡ 3 ነው፣ ሲካፈል 0.22። ድምሩ 1.07። ከ1 በላይ ነው፤ በዚህም ቢሆን ውሃው መስፈርቱን አላሟላም።

ሰዎቹ «አይሸትም እኮ» አሉኝ። እውነት ነው። የውሃው ፒኤች፣ አሲድ ወይም አልካላይን መሆኑን የሚያሳየው ቁጥር፣ 7.4 ነበር። በዚህ ፒኤች፣ በድሬ ሙቀት፣ ከአሞኒያው ከ100 እጅ 1 ወይም 2 እጁ ብቻ ነው የሚሸተው ጋዝ። የቀረው የማይሸት አሞኒየም ነው። ፒኤቹ 9 ቢሆን ከሲሶው በላይ ጋዝ በሆነና ሽታውም በተለየ። አፍንጫ እዚህ ላይ አያስተማምንም።

ግቢው ውስጥ «ውሃ አጋር» የሚባለውን የክሎሪን ፈሳሽ ጨምረው መጠቀም ጀምረው ነበር፤ ጥሩ አደረጉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረውን ነጻ ክሎሪን ስለካ ግን ምንም የለም። አሞኒያው በልቶታል። ክሎሪን መጀመሪያ ከአሞኒያ ጋር ተጣምሮ ክሎራሚን ይሆናል፤ እሱ ተሕዋስያንን የመግደል አቅሙ ደካማ ነው። ነጻ ክሎሪን እንዲተርፍ ለአንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ከ8 እስከ 10 ሚሊግራም ክሎሪን ያስፈልጋል። ለ0.9 ወደ 8 ገደማ ማለት ነው፤ ለጀሪካን የሚታዘዘው መጠን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን መፍትሔው መጨመር ሳይሆን ጉድጓዱን መተው ነበር።

የዚያን ቀን ውሃ በሁለት ጠርሙስ ወሰድኩ። አንዱን አጣርቼ በረዶ ውስጥ ከተትኩት። ሌላውን ሆን ብዬ እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። በረዶ ውስጥ የነበረውን በማግስቱ ስለካው 0.9 ነው። ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ከሦስት ቀን በኋላ ስለካው አሞኒያው 0.1 ሆኗል፣ ናይትራይቱ ወደ 0.7 ወጥቷል። ባክቴሪያዎቹ ጠርሙሱ ውስጥም ሥራቸውን አልተዉም። ናሙና በላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ በባጃጅ ልኮ፣ ቅዳሜና እሑድን አሳድሮ ሰኞ የሚያስመረምር ሰው «አሞኒያ የለም» የሚል ወረቀት ይዞ ቢመለስ አይገርመኝም። ወረቀቱም ውሸት አይሆንም። የሚናገረው ግን ስለ ሰኞው ጠርሙስ ነው እንጂ ስለ ጉድጓዱ አይደለም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለአንድ ግቢ ብዙ ይመስል ይሆናል። ድሬ ግን የምትጠጣው ከመሬት በታች ነው። ሐረርም የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃዋን ከድሬ በኩል በቧንቧ ወደ ላይ ስባ ስትጠጣ ኖራለች። የከተማው ጥልቅ ጉድጓዶች ሌላ ናቸው፣ ከዚህ ግቢ ጉድጓድ ጋር አላመሳስላቸውም። ግን ናይትሬት ወደ ታች ሲወርድ አፈሩ እንደማይዘው አይተናል፤ ከተማው በሽንት ቤት ጉድጓዶች ላይ ሲስፋፋ ይህ መታሰብ አለበት።

ግቢው የወሰደው እርምጃ ቀላል ነው። የጉድጓዱ ውሃ ለልብስና ለዕቃ ብቻ ሆነ። አፉ ዙሪያውን ከፍ ተደርጎ በሲሚንቶ ተሠራ፣ ክዳን ተገጠመለት፤ ጎርፍ በቀጥታ አይገባም። የመጠጥ ጀሪካኖች ቢጫ፣ የጉድጓዱ ሰማያዊ ሆኑ፤ ማንበብ የማይችልም ይለያቸዋል። ላቦራቶሪው ዘንድ እኔና ወጣቱ ሄደን ወረቀቱን አሳየናቸው። ሰሚ አገኘን። በሚቀጥለው ወረቀት ላይ «እንደ ናይትሮጅን» የሚለው ተጽፎ፣ ገደቡም 11.3 ተብሎ መጣ።

ያልተፈታው ሽንት ቤቱ ነው። ጎረቤትየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሌላ ቦታ የለውም፣ ማስመጠጫውም ውድ ነው። ሁለቱ ግቢዎች አዋጥተው ከዝናቡ በፊት ለማስመጠጥ ተስማምተዋል። ይህ መገንፈሉን ይቀንሰዋል፣ ስለዚህ የክረምቱን አሞኒያ ይቀንሳል። የበጋውን ናይትሬት ግን አይነካውም፤ ከታች መስረጉ አይቆምምና፣ አሸዋው ውስጥ የተጠራቀመውም ቶሎ አይወጣም። በበጋው ስለካ 13.8 ነበር፣ እንደ ናይትሬት 61።

አራሷ ልጇ ስድስት ወር ሊሞላው ሲል «ከዚያ በኋላስ ከጉድጓዱ ይጠጣ?» ብላ ጠይቃኛለች። አይጠጣ። ሕፃን ቶሎ ይጎዳል እንጂ 61 ለማንም ከገደቡ በላይ ነው፤ እሷም ዳግም ብታረግዝ ከቧንቧው ትጠጣ። ከክረምቱ የመጀመሪያ ጎርፍ ማግስት አሞኒያውን፣ ናይትራይቱንና ናይትሬቱን አንድ ላይ እንለካለን። ወጣቱ አለካኩን ተምሯል፣ የበረዶ ሳጥን አግኝቷል፤ ናሙናውን ራሱ ይቀዳል።